ኮርዶባን እንዴት እንጎብኝ?

ደቡብ ስፔን ወደምትገኘው ኮርዶባ ለመጓዝ ያሰቡ ሁሉ በቅድሚያ ወቅቱን ቢመርጡ መልካም ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ይሻላል። ከማድሪድ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ጉብኝቱን ከጓዳልኪቪር ወንዝ ማዶ፣ ከካላኦራ ግንብ ሥር ይጀምሩ። ከዚያ የሚሻገሩት ድልድይ በሮማውያን ዘመን የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዘመኑ ስለታደሰ ዛሬ ከሚታየው አብዛኛው የኋለኛው ዘመን ሥራ ነው።

ከድልድዩ ባሻገር ያለው ታላቁ መስጊድ፣ የዛሬው ካቴድራል፣ ከቀኑ ሰፊውን ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ሕንፃ ነው። በብርቱካን ዛፎቹ ግቢ በኩል ሲገቡ የኮርዶባ ሙስሊም ገዥ የነበሩት ቀዳማዊ አብዱራህማን እ.ኤ.አ. በ780ዎቹ ባስጀመሩት ክፍል ውስጥ ይቆማሉ። እዚህ ከቀይና ነጩ ቅስት በፊት ዓምዶቹን ይመልከቱ፤ ከሮማውያንና ከእነሱ በኋላ ስፔንን ከገዙት ከቪዚጎቶች ሕንፃዎች የተወሰዱ በመሆናቸው ቀለማቸውም ሆነ አናታቸው ላይ ያለው ቅርጽ ይለያያል። ወደ ሚህራቡ፣ የጸሎት አቅጣጫን ወደሚያመለክተው የግድግዳ ጓዳ፣ ሲዘልቁ ግን በኸሊፋው በዳግማዊ አልሀከም ዘመን ለሕንፃው ተብለው የተጠረቡ፣ በቀለም የተፈራረቁ ዓምዶች ያገኛሉ፤ የሚህራቡ የወርቅ ሞዛይክም የተሠራው ከቢዛንታይን (ከምሥራቅ ሮም ግዛት) በመጡ ባለሙያ መሪነት ነው። በምሥራቅ በኩል ኃያሉ ሚኒስትር አልመንሱር ባስጨመሩት ክፍል ቅስቶቹን ቀረብ ብለው ያስተውሉ፦ በቀድሞው ክፍል ቀዩ የሸክላ ጡብ ሲሆን በዚህኛው ግን ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ነው።

ከተማዋ በ1236 በንጉሥ ፈርናንዶ ሦስተኛ እጅ ከገባች በኋላ መስጊዱ ለክርስቲያናዊ አምልኮ ተባረከ፤ በ1523 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት አጥብቆ እየተቃወመ፣ በንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ ፈቃድ፣ በመካከሉ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መሠራት ጀመረ። በእኔ እምነት ይህን ክፍል በቅሬታ አልፎ መሄድ አይገባም፤ የመስጊዱ ቅስት ከካቴድራሉ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆሞ የሁለቱን ብርሃን ማነጻጸር ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያስተምራል።

ከሰዓት በኋላ በ1315 የተሠራችውን ትንሽ ምኩራብና በክላውዲዮ ማርሴሎ ጎዳና ያለውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ማየት ይቻላል። ሁለተኛ ቀን ካለዎት ከከተማዋ በስተምዕራብ ወዳለችው፣ ሣልሳዊ አብዱራህማን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ወዳስገነቧት የቤተ መንግሥት ከተማ፣ ወደ መዲና አዛሃራ፣ ይሂዱ፤ ሰኞ ዝግ ስለሆነች በሌላ ቀን ይያዙ፣ ወደ ፍርስራሹ ከመውጣትዎ በፊትም ሙዚየሙን ይዩ።