እሳት አጥፊ ጀልባ ሲታሰብ እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በደቂቃ ስንት ሊትር ትረጫለች?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ያጓጓል፣ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረችው የኒው ዮርኳ «ስሪ ፎርቲ ስሪ» በደቂቃ 190,000 ሊትር ገደማ መርጨት ትችላለች፤ በሰከንድ ከ3 ቶን በላይ መሆኑ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ውሃ ወደ ፊት ሲወረወር ጀልባዋን ወደ ኋላ ይገፋታል፣ ወደ ጎን ሲረጭ ደግሞ ያዘነብላታል። ፓምፑን አግዝፎ ጀልባዋን ባለችበት የሚያቆማትን ኃይል መርሳት፣ በእኔ እምነት፣ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሎስ አንጀለስ ያለችው «ዋርነር ሎውረንስ» ከሆዷ ሥር ቁልቁል የቆሙ፣ እየተሽከረከሩ ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚገፉ መቅዘፊያ ቅጠሎች አሏት። ወደ ጎን መሄድ ካሻት ዝም ብላ ወደ ጎን ትሄዳለች።

ሌላው፣ ውሃው በየት እንደሚገባ አለማሰብ። ወደብ ውስጥ ያለው ውሃ ንጹሕ አይደለም። ጭቃው፣ ፌስታሉ፣ ገመዱ ሁሉ መግቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ ያኔ ውድ የተባለው ፓምፕ የሚስበው ውሃ ያጣል። አንዱ ሲጸዳ ሌላው የሚሠራበት፣ ቢያንስ ሁለት መግቢያ ይኑራት።

«ውሃ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1942 ኒው ዮርክ ወደብ ላይ «ኖርማንዲ» የተባለችው ግዙፍ መርከብ ስትቃጠል ከጀልባም ከየብስም ውሃ ወረደባት። እሳቱስ በቁጥጥር ሥር ዋለ። ውሃው ግን ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ ተጠራቅሞ ሚዛኗን ስላሳጣት ሌሊት ላይ በጎኗ ተጋደመች። ስለዚህ አረፋ መርጫና ውሃ መጥኖ የሚለቅ አፈሙዝም ያስፈልጋል።

ጀልባዋ ለመርከብ እሳት ብቻ ናት ማለትም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት የከተማዋ የውሃ ቧንቧዎች ተሰባበሩ። «ፊኒክስ» የምትባለው ጀልባ ናት የባሕሩን ውሃ እየሳበች በሆስ (በውሃ ጎማ) መስመር ማሪና ሰፈር ለሚነደው እሳት ያደረሰችው። እና ጀልባ ስታሠሩ የሆስ ማያያዣዎችን አትሰስቱ። ሲመጡ ከየብሱ ሆስ ጋር የማይገጥሙ ከሆነም ዋጋ የላቸውም።

የድልድዮችን ከፍታም ቀድሞ መለካት ነው፣ በተለይ የባሕሩ ውሃ ሞልቶ ከፍ በሚልበት ሰዓት። አፈሙዙ ከፍ ያለ ማማ ላይ ሲሰቀል ያምራል፣ ድልድዩ ሥር ካላለፈች ግን እሳቱን ከሩቅ ማየት ብቻ ነው።