ቤትን ከብርድና ከሙቀት ስንከላከል የምንሠራቸው ስህተቶች

ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ እግር ይበርዳል። በሙቀት ወቅት ደግሞ ኮርኒሱ ስር መቀመጥ አይቻልም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚታየው መፍትሔ አንድ ነው፤ ወፍራም ኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚያግድ ንጣፍ) ገዝቶ ማንጠፍ። ኢንሱሌሽኑ ክፋት የለውም። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ግን ገንዘቡ ይወጣል፣ ቤቱም እንደነበረ ይቀራል።

ቀዳዳ ሳይዘጉ ኢንሱሌሽን ማንጠፍ

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አውራ ነው። ፋይበር ግላስና ሌላውም ሱፍ መሳይ ኢንሱሌሽን ሙቀት የሚያግደው በውስጡ አየር ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ስለሚያደርግ ነው። የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። ከስር ባለ ቀዳዳ ንፋስ ሽው ካለ ግን ሱፉ አያቆመውም፤ እንደ ማጣሪያ ሆኖ ያሳልፈዋል።

ማየት ከፈለጋችሁ ኮርኒስ ላይ የቆየ ፋይበር ግላስ ገልጣችሁ ተመልከቱ (ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፣ ያሳክካል)። አንዳንድ ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ዕድፍ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ለዓመታት ሲያልፍ የኖረ አየር ጥሎት የሄደ አቧራ ነው። ከዕድፉ ስር ብትፈልጉ ቀዳዳውን አታጡትም፤ ወይ የመብራት ገመድ የገባበት ነው፣ ወይ ቧንቧ የወጣበት፣ ወይ ግድግዳውና ኮርኒሱ የተለያዩበት።

ስለዚህ መጀመሪያ ማሸግ፣ ከዚያ ማንጠፍ። ቤቱ በጣም ያረጀ ከሆነና ምንነቱ የማይታወቅ ኢንሱሌሽን ካገኛችሁ ግን አትንኩት። በድሮ ቤቶች ውስጥ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። እሱን ባለሙያ ይየው።

መስኮትን ብቻ መጠርጠር

ብርድ ገባ ሲባል ሁሉም ሰው ዓይኑ መስኮት ላይ ነው። መስኮት መቀየር ደግሞ ከሁሉም በላይ ኪስ ይጎዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ወደ መጨረሻ አካባቢ ነው የማስቀምጠው።

የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በኮርኒስ ቀዳዳዎች ሲያመልጥ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይሳባል፤ በበር ስር፣ በወለልና በግድግዳ መገጣጠሚያ፣ ቧንቧ በገባበት። ስለዚህ ፍለጋው ከቤቱ አናትና ከእግሩ ይጀምራል።

አንድ በር እንውሰድ። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ከስሩ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖረው፣ ይህ 90 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ነው። ግድግዳው ላይ በአራቱም ጎን ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቀዳዳ ቢከፈት ማንም ዝም ብሎ አያድርም። የበሩ ስር ግን ስለለመድነው አይታየንም። እሱን የሚዘጋው የበር ስር ጎማ ወይም ብሩሽ ዋጋው ከአዲስ መስኮት ጋር አይወዳደርም።

የቀሩትን ቀዳዳዎች ለማግኘት ንፋስ ያለበትን ቀን ምረጡ። እሳት የሚነድበትን ምድጃና ማሞቂያ አጥፉ፣ በርና መስኮት ዝጉ። ከዚያ የዕጣን እንጨት ለኩሱና በሶኬቱ፣ በመስኮቱ ፍሬምና በኮርኒሱ ጥግ ዳር ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ጎን ከተሳበ ቀዳዳው ተገኘ፤ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። መጋረጃ አጠገብ ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ።

ሁሉንም በሲሊኮን መለሰን

የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ በሲሊኮን ወይም በሌላ ማሸጊያ ይዘጋል። የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ደግሞ ጎማ ወይም ስፖንጅ ነው የሚፈልገው። ተራው ሲሊኮን ቀለም አይዝም፤ ግድግዳው ሊቀባ ከሆነ ቀለም የሚቀበል ማሸጊያ ግዙ።

ለሰፋ ያለ ቀዳዳ የሚነፋ ፎም አለ። ይህ ፎም ከተነፋ በኋላ ያብጣል። በመስኮት ዙሪያ እንደ ልብ ከነፋችሁት ፍሬሙን ይገፋውና መስኮቱ አልዘጋ ይላል። ለበርና ለመስኮት ተብሎ የተሠራ፣ ብዙ የማያብጥ ዓይነት አለ፤ የፎሙ ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የጭስ ማውጫ ቧንቧ ዙሪያ ግን ፎም የሚባል ነገር አይገባም፣ እሳት ይይዛል። እዚያ ቦታ ቆርቆሮ ተቆርጦ ይገጠምና ዳሩ እሳት በሚችል ማሸጊያ ይዘጋል።

መጠቅጠቅ

15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሱፍ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ መጠቅጠቅ ጥቅም አይጨምርም። አየሩ ከውስጡ ይወጣል፣ የተከፈለበት ውፍረትም ይባክናል። ለክፍተቱ የሚሆነውን ገዝቶ ሳይጫኑ ማስገባት ይሻላል።

ትንሿን ቦታ መዝለል

ኮርኒሱ ጥሩ ተደርጎ ይነጠፍና ወደ ላይ መውጫዋ ክዳን ባዶ ጣውላ ሆና ትቀራለች። እስቲ እናስላው። ኮርኒሱ 50 ካሬ ሜትር ነው እንበል፣ ክዳኗ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር። ባዶው ጣውላ ኢንሱሌሽን ካለበት ቦታ 15 እጥፍ ሙቀት ቢያሳልፍ፣ በአጠቃላይ በኮርኒሱ የሚያልፈው ሙቀት 28 በመቶ ይጨምራል። በአንዲት ክዳን! ጀርባዋ ላይ የፎም ሰሌዳ ለጥፉ፣ ጠርዟንም በስፖንጅ ዙሩ።

እርጥበትን መርሳት

ውሃ ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። የራሰ ሱፍ እንግዲህ ምንም አይሠራም፤ ሻጋታ ይጠራል እንጂ። የሚያፈስ ጣሪያ ካለ ከሁሉም በፊት እሱ ይጠገን። የመታጠቢያ ቤት ፋንም እንፋሎቱን ኮርኒስ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይልቀቀው። በጣሪያው ክፈፍ በኩል የተተዉ የአየር ማስገቢያዎችን በኢንሱሌሽን አትድፈኗቸው፤ ጣሪያው ስር ያለው እርጥበት የሚወጣው በእነሱ በሚገባው አየር ነው።

እርጥበት እንዳያልፍ ላስቲክ ማንጠፍ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። በብርዳማ ቦታ ላስቲኩ የሚሆነው በሞቃቱ፣ ማለትም በውስጠኛው ጎን ነው። ሞቃታማና እርጥበታም ቦታ ላይ፣ ቤቱ በኤሲ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ያው ላስቲክ ውስጥ በኩል ሲሆን ከውጭ የሚመጣው እንፋሎት ጀርባው ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱም ጎን ማድረግ ደግሞ የገባው እርጥበት መውጫ እንዲያጣ መፍረድ ነው።

የሚያብረቀርቅ ፎይልም ስህተት አያጣውም። ሙቀትን የሚመልሰው ፊቱ ላይ ክፍት አየር ሲኖር ነው። ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ካጣበቃችሁት ሙቀቱ በንክኪ ያልፋል።

አፍኖ መተው

ቤቱ በደንብ ሲታሸግ በስንጥቁ ይገባ የነበረው አየር ይቀራል። ኑሮው ሲመች ጭስና እንፋሎትም አብረው ይታፈናሉ። ስለዚህ ምግብ የሚበስልበትና ገላ የሚታጠቡበት ክፍል ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን ያስፈልገዋል፤ ካልሆነም መስኮት በሰዓቱ ይከፈት።

ጋዝ ወይም እንጨት የሚነድበት ቤት ከሆነ ጉዳዩ የሕይወት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በታሸገ ቤት ውስጥ ጠንካራ ፋን ሲሠራ የማሞቂያውን ጭስ ከቧንቧው ወደ ቤት መልሶ ሊስበው ይችላል። ማሸጉ እንዳለቀ ባለሙያ ጠርታችሁ ጭሱ በትክክል መውጣቱን አስፈትሹ። መኝታ ቤት አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ስቀሉ። የከሰል ምድጃ ግን አላርም ኖረም አልኖረም ወደተዘጋ ክፍል አይገባም።