የብራውዘር ቴስት ለምትሠሩ፦ የሰርቨር አድራሻ ኮድ ውስጥ አትጻፉ
ጅማ ሆናችሁ በፕሌይራይት (ብራውዘር በራሱ እየከፈተ ዌብሳይት የሚፈትሽ መሣሪያ) የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ የሰርቨሩን አድራሻ በየቴስቱ ውስጥ አትጻፉት። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ያለው ቤዝ ዩአርኤል (የሰርቨሩ ዋና አድራሻ) ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጪ ከሚሰጥ እሴት) እንዲነበብ አድርጉት፣ ከዛ ያው ቴስት ሎካልም (የራሳችሁ ኮምፒውተር) ስቴጂንግም (የሙከራ ሰርቨር) ላይ ሳትነኩት ይሄዳል፣ ፓስወርዱንም እንደዛው ከውጪ ስጡት ጊት (የኮድ ማስቀመጫው) ላይ እንዳይገባ። ደሞ ቴስት ሲወድቅ ቶሎ ኮዱን አትጠርጥሩ፣ እዚህ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ስቴጂንጉ ሩቅ ከሆነ ገጹ ሳይከፈት የቴስቱ 30 ሰከንድ ያልቃል፣ ኤክስፔክት (ገጹ ላይ የምትጠብቁት ነገር መኖሩን የሚያረጋግጠው ትእዛዝ) እንደውም ካልነካችሁት 5 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቀው! ስለዚህ ታይምአውቱን (የመጠበቂያ ጊዜውን) ለስቴጂንግ ብቻ ከፍ አድርጉ፣ ሪትራይ (የወደቀ ቴስት እንደገና የሚሞከርበት ብዛት) 1 አድርጉና ትሬስ (የቴስቱ እያንዳንዱ እርምጃ መዝገብ) በመጀመሪያው ሪትራይ ላይ እንዲቀዳ በሉት፣ የትኛው ክሊክ ላይ እንደቆመ ከነስክሪንሾቱ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፕሮዳክሽን (እውነተኛ ተጠቃሚዎች ያሉበት ሰርቨር) ላይ ግን ዳታ የሚያጠፋ ቴስት በጭራሽ እንዳታስነሱ።