የልጁ ኢንሱሊን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሲወርድ

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ይዛችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ቆላ ስትወርዱ ኢንሱሊኑን ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ አትጫኑት፤ በእጅ ይያዝ። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገቡና መሃሉን በአሸዋ ሙሉት። አሸዋውን ጠዋት ማታ አርጥቡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ፣ ነፋስ ያለው ጥላ ሥር አስቀምጡ። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ጽሑፉ እንዳይፋቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይግባ። የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ አብዛኛው ከ28 ቀን በኋላ አይወጋም።

ደጋውም የራሱ ጣጣ አለው፦ የኅዳር ውርጭ። መስኮት ሥር አድሮ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣል። ደመናማውን (ነጣ ያለ ድፍርስ የሚመስለውን) የኢንሱሊን ዓይነት በመዳፍ መሃል 20 ጊዜ አንከባሉት እንጂ አትናጡት፤ ከዚያ በኋላም ነጭ ቅንጣት ብልቃጡ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ተበላሽቷል። ስኳሩ ሲንር ልጁን «ምን በላህ?» ከማለታችሁ በፊት ብልቃጡን ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት።