ጣሪያው በሚታጠፍ መኪና ላይ ሮል ባር ስንገጥም

መኪናዬን የውድድር ትራክ ላይ ከማውጣቴ በፊት መጀመሪያ የገጠምኩት ሮል ባር ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ ጭንቅላትን የሚያድን፣ ከወንበሩ ኋላ የሚቆም የብረት ቱቦ ቅስት። ሞተሩ ይቆይ፤ ጭንቅላት ይቅደም።

ሄልሜት አድርጋችሁ፣ ቀበቶ አስራችሁ ተቀመጡ። ቀጥ ያለ ረጅም ዱላ ከባሩ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ፍሬም አናት አጋድሙ። ሄልሜታችሁ ከዱላው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። እኔ ስለካ ነካኝ፤ ወንበሩን ዝቅ አድርጌ እንደገና አሰርኩት።

ባሩ ከወለሉ ጋር በቡሎን ስለሚታሰር ምንጣፉን አንሱ። በትራፓኖ ከመብሳታችሁ በፊት ከስር ገብታችሁ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎችን ፈልጉ። ይህን አደራ! የወለሉ ላሜራ ብቻውን አይችልም፣ መኪናው ሲገለበጥ ባሩ በስቶት ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ብረት ደግፉበት። ለዋናው ባር እያንዳንዱ እግር ቢያንስ 3 ቡሎን፣ ኤም 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር)፣ የጥንካሬ ደረጃው 8.8። የተበሳውን ጠርዝ ቀለም ቀቡት፣ እንዳይዝግ። ጭንቅላት የሚደርስበትን ቱቦ ለውድድር በተሠራ ጠንካራ ፎም ሸፍኑ፤ ተራ ስፖንጅ አያድንም።