እስከ 20 ይቆጥራል፣ «7 ቆርኪ አምጣ» ሲባል ግን እፍኙን ሞልቶ ይመጣል

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር ነው። ልጁ ቁጥሩን እንደ መዝሙር ይወርደዋል እንጂ ብዛቱን አልያዘም። ገጽ በገጽ ቁጥር የሚያስጽፍ መጽሐፍ ደግሞ ይህን አያስተካክልም፤ ለጊዜው ይቀመጥ።

የሠራው ይኸው፦ ከባለ 30 የእንቁላል ካርቶን ሁለት ረድፍ ይቆረጣል፣ በየረድፉ 5 ጉድጓድ። 20 የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል፤ ጠርዙ ስለሚቧጭር በመዶሻ መታ መታ ይደረግ። ባቄላ ይቅር፣ ታናሽ ካለ አፍንጫው ውስጥ ይከታል። ቆርኪው ከላይኛው ረድፍ፣ ከግራ ይጀምራል፤ ቁጥሩ የሚጠራው ቆርኪው ጉድጓዱ ውስጥ ሲያርፍ ብቻ ነው። ጣት ከአፍ ሲቀድም ነው የሚሳሳተው። 7 ሲሞላ አንድ ሙሉ ረድፍና ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ባዶ ይታየዋል፤ አስርን መሙላት እዚያው ተጀመረ። «ስንት ሆነ?» ሲባል ከአንድ እንደገና ከቆጠረ፣ ወደ 5 ቆርኪ ብቻ ይመለሱ።

መጽሐፍ ለመግዛት ሐዋሳ ፒያሳ የወጣ ሰው ቆሞ ያገላብጥ፦ በሰልፍ ያልተደረደሩ፣ የተበታተኑ ሥዕሎች ያስቆጥራል? ከ10 ሳይወጣ ይቆያል? የመደመር ምልክት በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከመጣ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይመልሰው።