ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆን ሞተር ሳይክል ጎማ እንዴት ይቀየራል? ለጅማ ጭቃ የሚሆን ምርጫና አገጣጠም

በሐምሌ ከጅማ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ የገጠር ቀበሌዎች የሚወጣ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚቆመው አቅም አንሶት አይደለም። ቀዩ አፈር ሲርስ በጎማው ጥርሶች መካከል ይጠቀጠቅና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ ቢሰጡት ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ስለዚህ ጎማ ሲመርጡ ከጥርሱ ቁመት ይልቅ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ይበልጣል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ጎማው ሲዞር ጭቃውን ይወረውራል፤ ጠባብ ከሆነ ይዞት ይዞራል።

ምርጫ

ከአጋሮ ወይም ከአሰንዳቦ በአስፋልት እየተመላለሳችሁ ፒስታ የምትነኩት አልፎ አልፎ ከሆነ ሞተሩ ይዞት የመጣው ዓይነት ጎማ ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የዕለት ሥራችሁ ገጠር ከሆነ ግን ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ግዙ። ጉዳትም አለው፦ አስፋልት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት ስለሆነ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል፣ ኩርባ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የኋላው የመሃል ጥርስም ቶሎ ያልቃል። ለብዙ ሰው የሚሻለው ከፊት ጥርሱ የተራራቀውን፣ ከኋላ መካከለኛውን ማድረግ ነው። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜም ይመለሳል፤ የፊት ሲንሸራተት ግን መውደቅ ነው።

«ሰፋ ያለ ጎማ ይሻላል» የሚለው ምክር ለአሸዋ ይሠራል። ላዩ ድጥ ሆኖ ሥሩ ጠጠር በሆነ መንገድ ላይ ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠጠሩን ይነክሳል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ላይ ሰፊው ጎማ ካቴናውን ወይም የኋላ ሹካውን ሊፈትግ ይችላል፤ ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ ይታነቃል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። በፋብሪካው ልክ ቆዩ፤ በግራና በቀኝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው ጋር የተጠጋጋ ከሆነ ከፍ ብሎ በሚታሰር መቀየር ከማንኛውም ውድ ጎማ በላይ ይጠቅማል።

ቁጥሩን ማንበብ

ለምሳሌ ሆንዳ ኤክስ አር 125 ኤል ከፊት 90/90-19፣ ከኋላ 110/90-17 ነው፤ ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ከፊት 80/90-21፣ ከኋላ 110/80-18። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ቁመቱ የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የመጨረሻው ቁጥር ፈጽሞ አይለወጥም፤ የ18 ጎማ 17 ቸርኬ ላይ አይሆንም። ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥር ጎማው የሚችለውን ጭነት ይናገራል፤ 48 ማለት 180 ኪሎ፣ 58 ማለት 236 ኪሎ ነው። ሰው ወይም ኬሻ ቡና ከኋላ የሚጭን ሰው ከፋብሪካው ያነሰ ቁጥር አይግዛ።

የተሠራበትን ጊዜ የምታገኙት በጎማው ጎን ካሉት አራት አኃዞች ነው፤ 2322 ቢል በ2022 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ይደርቃል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይይዝም።

ባለ ራጂ (ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ያሉት) ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ካላማዳሪያ ይፈልጋል። ከአዲስ ጎማ ጋር በልኩ አዲስ ካላማዳሪያ ግዙ። የቆየው ስለተለጠጠ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፤ እጥፋቱም ላይ ይቀደዳል።

የሚዘጋጁ ነገሮች

ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሦስት መፈልቀቂያ ብረቶች (ጫፋቸው ያልሰላ)፣ የአክስሉ ቁልፍ፣ የቫልቭ መፍቻ፣ ፓምፕና የአየር መለኪያ፣ የሕፃናት ፓውደር፣ በውኃ የቀጠነ ላርጎ። ግሪስና የተቃጠለ ዘይት አትጠቀሙ፤ ላስቲክ ይበላሉ፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ። ጎሚስታ ቤት ብታሠሩም ላርጎውን ይዛችሁ ሂዱ።

አፈታት

ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ የአክስሉን ዳዶ አላሉ። ከዚያ ከኢንጂኑ ሥር ጠንካራ የእንጨት ጉማጅ አስገብታችሁ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርጉ። ከኋላ የፍሬኑን ዘንግ ፍቱ፣ የካቴና ማስተካከያው የቆመበትን ምልክት ያዙ፣ ጎማውን ወደፊት ገፍታችሁ ካቴናውን አውርዱ። ከፊት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገመድ ፍቱ። የፊቱ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ጎማው ከወጣ በኋላ እጀታውን ማንም እንዳይጨብጠው፤ ሸራዎቹ ገጥመው ዲስኩ አልገባም ይላል። ወፍራም ካርቶን በመካከላቸው አስገቡ።

ቸርኬውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስተኙ፤ ዲስክ ድንጋይ ላይ ከተኛ ይጣመማል። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ የቫልቩን ዳዶ ፍቱ፣ ከዚያ የጎማውን ጠርዝ በተረከዛችሁ ዙሪያውን እየረገጣችሁ ከቸርኬው አላቁ፤ ገልብጣችሁ በሌላው በኩልም ድገሙት። እምቢ ካለ የሌላ ሞተር የጎን መቆሚያ ጠርዙ ላይ አሳርፋችሁ ሞተሩን አጋድሉት፤ ይለቃል።

ጉልበት የሚያባክነው ቀጣዩ ነው። የጎማው ጠርዝ በውስጡ ሽቦ ስላለ አይለጠጥም። የሚያስወጣው ትርፍ ርዝመት የሚገኘው ከቸርኬው መሃል ካለው ጎድጓዳ ቦይ ብቻ ነው። በብረት ከምትፈለቅቁበት ቦታ ትይዩ ያለው ጠርዝ ወደ ቦዩ በጉልበታችሁ ተጭኖ ካልወረደ ሁለት ሰው ቢረባረብም አይወጣም፤ ቸርኬው ይጎብጣል ወይም ሽቦው ይበጠሳል። ብረቶቹን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር እያራራቃችሁ በትንሽ በትንሹ አውጡ። ብረቱ ከበዳችሁ ማለት ትይዩው ከቦዩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቆም ብላችሁ መልሱት።

አገጣጠም

አሮጌው ሲወጣ የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ላስቲክ እዩ፤ ከተቀደደ ወይም ከተንሸራተተ ጫፉ ካላማዳሪያውን ይበሳል። ራጂዎቹን በቁልፍ መታ መታ አድርጉ፤ ድምፁ የሞተው ልል ነው።

ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ይሁን። ቀለም ያለበት ነጥብ ካለ ከቫልቩ ጋር ይግጠም፤ የጎማው ቀላል ቦታ ነው። ጠርዙን ላርጎ ቀብታችሁ የመጀመሪያውን ጎን በእጅና በጉልበት አስገቡ። ካላማዳሪያውን ፓውደር ነስንሱበት፣ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ነፍታችሁ አስገቡ፣ የቫልቩን ዳዶ በሁለት ክር ያዙ።

ሁለተኛውን ጎን ከቫልቩ ትይዩ ጀምራችሁ ቫልቩ ጋ ጨርሱ። ከቫልቩ ከጀመራችሁ እዚያ ያለው ወፍራም ላስቲክ ጠርዙ ወደ ቦዩ እንዳይወርድ ይከለክላል። መጨረሻ ላይ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። ብረቱን ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ አዲስ ካላማዳሪያ ከሁሉ በላይ የሚበሳው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ከሆነ ጎማውን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ሲሞቅ ይታዘዛል።

ንፉ፤ ግን ከ40 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) አትለፉ። በጎኑ ዙሪያ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል ርቀት ላይ መታየት አለበት። አንድ ቦታ ከጠለቀ አየሩን አስወጡ፣ ላርጎ ጨምሩ፣ መሬት ላይ አንጥሩትና እንደገና ንፉ። ከተስተካከለ በኋላ አየሩን አንድ ጊዜ ጨርሳችሁ አስወጥታችሁ ድገሙት፤ የታጠፈ ካላማዳሪያ ይዘረጋል።

ሲመለስ ካቴናውን በሞተሩ መመሪያ ልክ አስተካክሉ፣ አክስሉን አጥብቁ፣ የፍሬኑን ዘንግ መልሱ።

አየርና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ለአስፋልት በካቴና መሸፈኛው ወይም በኋላ ሹካው ላይ የተለጠፈውን መጠን ተከተሉ። ለጭቃ ወደ 18 ፒ ኤስ አይ መውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች ግን ጎማውን ከቸርኬው ጋር የሚቆነጥጥ መያዣ ከሌለ ጎማው ተንሸራቶ ቫልቩን ይገነጥላል። ዝቅ ያለ አየር ድንጋያማ ፒስታ ላይ ካላማዳሪያውን በቸርኬና በድንጋይ መካከል ያስጨፈልቃል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። አስፋልት ላይ ስትወጡ መልሳችሁ ሙሉት።

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ያዳልጣል፤ እስከ 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ኩርባ ላይ አትዘንበሉ፣ ፍሬንም በድንገት አትያዙ። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁ፤ ወደ ቆቡ አስጠጉት። በየሳምንቱ ቫልቩን እዩ፦ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው፤ ካዘነበለ ካላማዳሪያው ተንሸራቷል፣ ሳይገነጠል አየሩን አስወጥታችሁ ጎማውን አዙራችሁ አቃኑት።